የሞተር ቁልፍና የጎረቤት ዓይን

ጀዊ ከጋምቤላ ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ናት። በ2007 ዓ.ም የተከፈተችውም፣ የሌችዎር ጣቢያ በጎርፍ ተጥለቅልቆ፣ እዚያ የነበሩትን የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ወደ ደረቅ መሬት ማዛወር ግድ ስለሆነ ነው። በጣቢያዋና በከተማዋ መካከል ለሚመላለስ ሰው፣ መምህር ይሁን የጤና ሠራተኛ ወይም ነጋዴ፣ ሞተር ሳይክል ጌጥ ሳይሆን እንጀራ ነው። ላም እረኛ አላት፤ ቤትም ከቆመበት አይነሳም፤ ሞተር ግን የተሠራው በፍጥነት እንዲሄድ ነውና ሌባውን ራሱ ተሸክሞት ይሄዳል። ባለሞተር ሁሉ ታዲያ መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛው ቁልፍ እንደሚሻል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ሁለተኛ መሆን ነበረበት። ቁልፍ የሚሰጠው ደቂቃ ብቻ ነው፤ ደቂቃዋም የምትጠቅመው የሚያይና የሚሰማ ሰው ካለ ነው። እንደ ጀዊ ባለ፣ ጎጆ ከጎጆ ተጠጋግቶ በሚኖርበት ቦታ ደግሞ ከብረት ይልቅ የሚበዛው ዓይን ነው።

ሞተሩ ከፋብሪካ ይዞት ከሚመጣው ቁልፍ እንነሳ። ቦክሰርም ሆነ ቲቪኤስ፣ መንገዳችንን የሞሉት ትናንሽ ሞተሮች አሠራራቸው ተቀራራቢ ነው። መሪው ወደ ግራ ተጠምዝዞ ቁልፉ ሲዞር፣ አጭር የብረት ጣት ወጥታ ቀዳዳ ውስጥ ትገባና መሪው ቀጥ ብሎ እንዳይዞር ትይዘዋለች። የቁልፉ ሌላ ሥራ ወደ ካንዴላው የሚሄደውን እሳት ማቋረጥ ነው። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ደካማ ናቸው። የብረቷ ጣት ቀጭን ስለሆነች የጉልበተኛ ክንድ አትችልም፤ እሳቱን የሚያቋርጠውም ከመሪው ሥር ያለ የሽቦ ሶኬት ነው። በእግር ተረግጦ የሚነሳ ሞተር ከሆነ ደግሞ የባትሪው መድከም እንኳ ሌባውን አያግደውም። ከሁሉ በላይ፣ እንዲህ ያለው ሞተር ክብደቱ ወደ 120 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ሁለት ጎልማሶች አንስተው ፒካፕ ላይ ሊጭኑት ይችላሉ። ለሚሸከም ሰው መሪው ቢቆለፍም ባይቆለፍም ለውጥ የለውም። መካኒክ በድብቅ ቦታ የሚገጥመው የእሳት ማቋረጫ ማብሪያም ነድቶ መሄድን እንጂ ተሸክሞ መሄድን አይከለክልም።

መሸከምን የሚከለክለው ሞተሩን ከማይነሳ ነገር ጋር ማሰር ብቻ ነው፤ ጀዊ ላይ ችግሩ የሚከብደውም እዚህ ጋ ነው። የከተማ ሰው ከሲሚንቶ ወለል ወይም ከብረት አጥር ጋር ያስራል፤ በእንጨት፣ በጭቃና በሣር የተሠራ ጎጆ ምሰሶው ራሱ የምስጥ ምግብ ነው። ስለዚህ ከወፍራም ሰንሰለት በፊት ማሰሪያ ይፈለጋል። ግንዱ ወፍራም የሆነ ማንጎ ወይም ኒም ግቢ ውስጥ ካለ እሱ ይበቃል። ከሌለ፣ ያረጀ የመኪና ቸርኬ ጉድጓድ ውስጥ አጋድሞ፣ የ16 ሚሊ ሜትር ፌሮ ቀለበት አድርጎ አስገብቶ፣ ሲሚንቶ መሙላት ነው። ጥቁር አፈር ክረምት አብጦ በጋ ስለሚሰነጠቅ ጉድጓዱ ከታች ሰፋ ማለት አለበት። ሰንሰለቱ በሞተሩ ሻንሲ ውስጥ ይለፍ፤ በፊት ጎማ ብቻ የታሰረ ሞተር ጎማውን ጥሎ ሊሄድ ይችላል። መሬት ላይም አይዘርጋ፤ መሬት ለመዶሻና ለመቁረጫ መደገፊያ ይሆናልና። የጓጉንቸሩ አፍ ወደ ታች ቢዞር ዝናብም አይገባበት፣ ለመሰርሰርም አይመች። ቀጭን ሰንሰለት በእጅ መቁረጫ በአፍታ ሲበጠስ፣ የጣት ውፍረት ያለው ጠንካራ ብረት ግን ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ ይጠይቃል። ዋናው ነገርም ይሄው ነው፤ ጥሩ ሰንሰለት ሌባውን ድምፅ እንዲያሰማ ያስገድደዋል።

ይህን ሁሉ ከምደክም ሌሊት ሞተሩን ጎጆዬ ውስጥ አስገብቼ አጠገቡ ብተኛስ የሚል ሰው ይኖራል። ከስርቆት አንጻር ትክክል ነው፤ ከሕይወት አንጻር ግን አይደለም። የእነዚህ ሞተሮች ታንከር ከ10 ሊትር በላይ ቤንዚን ይይዛል፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ተስቦ እሳት ወዳለበት ይሄዳል። ሣር ክዳን፣ የምድጃ ፍም፣ ኩራዝና የተኙ ልጆች ባሉበት ጎጆ ውስጥ ሞተር ማሳደር ንብረትን ለማዳን ቤተሰብን ማስያዝ ነው። ከግድግዳው ውጭ፣ ከራስጌ ትይዩ፣ ኮሽታው በሚሰማበት ቦታ ማሰር ይበልጣል። የጋምቤላ የበጋ ሙቀት ሰውን ደጅ ሲያስተኛ ደግሞ ጠባቂው ያለ ደመወዝ ይበዛል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ፣ ቆርጦ የተነሳ ሌባ ምንም ብታደርግ ይወስዳል የሚለው ነው። እውነት የሚሆነው በጥቂቶች ላይ ብቻ እንደሆነ የምዕራብ ጀርመን ታሪክ ያስረዳል። በ1980 እ.ኤ.አ. አገሪቱ ሄልሜት በማያደርግ ሞተረኛ ላይ እዚያው መንገድ ላይ ቅጣት መጣል ጀመረች። ዓላማው የራስ ቅልን ማዳን ነበር፤ ስርቆትን ያሰበ አልነበረም። ሆኖም በዚያው ዓመት ከ150 ሺህ በላይ የነበረው የሞተር ስርቆት በ1986 ወደ 54 ሺህ ገደማ ወረደ። የመኪና ስርቆት የጨመረው በጥቂቱ ስለነበር፣ ሌቦቹ በሙሉ ወደ ሌላ ንብረት ዞሩ ማለት አይቻልም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ መንገድ ላይ ሞተር አይቶ ልቡ የሚነሳሳ ሰው ሄልሜት ይዞ አይዞርም፣ ያለ ሄልሜት ከነዳ ደግሞ ፖሊስ ያስቆመዋል። አንድም ቁልፍ ሳይጠነክር ሌባው ስለታየ ብቻ ስርቆቱ ቀነሰ። አብዛኛው ሌባ አጋጣሚ ጠባቂ ነው፤ አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት እንደሚባለው፣ የሚያየው ንብረቱን ብቻ ሳይሆን አያያዙን ጭምር ነው።

በሥራ ቦታ ይህ ሐሳብ የበለጠ ይጎላል። የመሥሪያ ቤት ግቢ ዘበኛና በር ስላለው ባለሞተሩ ይዘናጋል፤ ቁልፉን ሰክቶ ለአፍታ ብሎ ይገባል። ዘበኛው ግን ሃምሳ ሞተር ከሃምሳ ባለቤት ጋር አዛምዶ ሊያስታውስ አይችልም፤ በልበ ሙሉነት እየነዳ የሚወጣውን ሰው ባለቤት ነው ብሎ ያሳልፈዋል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ቁጥር የተመታበት ቆርቆሮ ለሁለት ተቆርጦ ግማሹ ሞተሩ ላይ፣ ግማሹ በባለቤቱ ኪስ ይሁን፤ ሁለቱ ካልገጠሙ በሩ አይከፈት። ሞተሮቹ በአንድ ጥላ ሥር ጎን ለጎን ቆመው አምስት አምስት እየሆኑ በአንድ ረጅም ሰንሰለት ቢተሳሰሩ ደግሞ እርስ በርሳቸው ማሰሪያ ይሆናሉ፤ 120 ኪሎ የሚያነሳ ሌባ አምስቱን በአንድ ላይ አያነሳም። ወጪውም ለአምስት ይካፈላል፤ ጥሩ ሰንሰለት ውድ ነው ለሚለውም መልስ ይሆናል።

ጂፒኤስ እያለ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል የሚል ደግሞ አይጠፋም። አዲስ አበባ በሞተር የሚፈጸም ወንጀል ሲያስቸግራት ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም ጀምሮ የሞተሮችን እንቅስቃሴ ከልክላ፣ ፈቃድ ለሚሰጣቸው ጂፒኤስ መግጠምን መፍትሔ አድርጋ ነበር። መሣሪያው ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን በሲም ካርድ የሚሠራ እንደመሆኑ ኔትወርክ በሌለበት ዝም ይላል። ቢናገርም የሚናገረው ሞተሩ ከሄደ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉት ዓይነት። የደቡብ ሱዳን ድንበር ሩቅ ባልሆነበት ክልል ውስጥ ከሌባ ኋላ የሚሮጥ መሣሪያ፣ ሌባን ከሚያዘገይ ሰንሰለት ቀጥሎ እንጂ ቀድሞ መገዛት የለበትም። ከኢንሹራንስም ብዙ አይጠበቅ፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው ዋስትና በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት ነው፤ ለተሰረቀ ሞተር አይከፍልም።

የቀረው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል፤ ዓይን ራሱ ይሳሳታል። አኙዋክና ኑዌር፣ ነባር ነዋሪና ስደተኛ ጎን ለጎን በሚኖሩበት አካባቢ አንድ ሞተር ሲጠፋ ጣት ቶሎ ወደ አንድ ወገን ሊቀሰር ይችላል፤ የግለሰብ ሌብነትም የሕዝብ ጠብ ይሆናል። የመከላከያው መንገድ ዓይን ከፊት ላይ ተነስቶ ቁጥር ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ነው። ታርጋ፣ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር የማንም ጎሳ አይደሉም። ባለሞተሩ እነዚህን ከሊብሬው ጋር ፎቶ አንስቶ ሌላ ቦታ ያኑር፤ የሻንሲ ቁጥሩ የተፋቀ ሞተር ጋራዥ ሲመጣ መካኒኩ ይጠይቅ፤ ገዢም ሊብሬ የሌለውን ሞተር በርካሽ አገኘሁ ብሎ አይደሰት፣ የተሰረቀ ዕቃን እያወቁ መግዛት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ራሱን የቻለ ወንጀል ነውና። ሌባ የሚሰርቀው ለመሸጥ ነው። ሰንሰለቱ ሌሊቱን ያዘግየው፤ በማግስቱ ደግሞ ገበያው ቁጥሩን አንብቦ ይመልሰው።