የስፖርት ትጥቅ በክረምት አየር፦ የመድረቅ ጊዜና የጠረን መነሻ

በአዲስ አበባ ክረምት በማለዳ የሚሮጥ ጀማሪ አትሌት ወይም በጭቃ ሜዳ የሚለማመድ ወጣት ተጫዋች ብዙውን ጊዜ ያለው አንድ ጥንድ ጫማ ነው። ጫማው ሳይደርቅ የሚቀጥለው ልምምድ ይደርሳል፤ ማሊያውና ካልሲው በፌስታል ተቋጥረው በቦርሳ ውስጥ ያድራሉ። ትጥቁ ውሎ አድሮ ቢታጠብም የማይለቅ ጠረን ይይዛል፤ በእግር ጣቶች መካከል የሚወጣው የፈንገስ ሕመምም ይከተላል። ይህ በአብዛኛው የንጽሕና ጉድለት ተደርጎ ይወሰዳል። ከንጽሕና ይልቅ ወሳኙ ግን ጊዜ ነው፤ ይኸውም ትጥቁ እርጥብ ሆኖ የሚቆይባቸው ሰዓታት ብዛት ነው።

ከሰውነት የወጣ አዲስ ላብ ይህ ነው የሚባል ጠረን የለውም። ጠረኑን የሚፈጥሩት ከቆዳ ወደ ጨርቅ የሚሻገሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ለምሳሌ ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ በላብ ውስጥ የሚገኘውን ሉሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ወደ አይሶቫለሪክ አሲድ ይለውጣል፤ የቆየ አይብ የሚመስለው የእግር ጠረን በአመዛኙ የዚህ አሲድ ነው። የጨርቁ ዓይነትም ድርሻ አለው። በቤልጅየም የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 ባሳተሙት ጥናት 26 ሰዎች ቲሸርት ለብሰው የብስክሌት ልምምድ ካደረጉ በኋላ የፖሊስተሩ ጠረን ከጥጡ ይልቅ የከፋ ሆኖ ተገኝቷል፤ ማይክሮኮከስ የተባሉት ባክቴሪያዎችም በፖሊስተሩ ላይ በርክተው ታይተዋል። ፖሊስተር ውኃን ወደ ቃጫው ስለማያስገባ ቶሎ ይደርቃል፤ የቆዳን ቅባት ግን አጥብቆ ይይዛል። ታጥቦ ዘግይቶ በደረቀ ልብስ ላይ የሚሸተውን የእርጥብ ጨርቅ ጠረን ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች በ2012 ሞራክሴላ ኦስሎኤንሲስ ከተባለ ባክቴሪያ ጋር አያይዘውታል። ስለዚህ መታጠቡ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ከታጠበ በኋላ ያለው የመድረቂያ ጊዜም ሊያጥር ይገባል።

ለማድረቅ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ሙቀት ነው። ሆኖም ወሳኞቹ አየሩ ሊቀበለው የሚችለው ተጨማሪ የውኃ ትነትና የአየሩ እንቅስቃሴ ናቸው። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 17.3 ግራም ያህል የውኃ ትነት ይይዛል። አንጻራዊ እርጥበቱ 70 በመቶ ከሆነ የሚቀረው 5.2 ግራም ብቻ ነው። በዚህ ስሌት 40 ሜትር ኩብ አየር የሚይዝ የተዘጋ የልብስ መቀየሪያ ክፍል እስኪጠግብ ድረስ የሚቀበለው ውኃ 208 ግራም፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ያህል ነው። በዝናብ የራሰ የአንድ ሰው ጫማና ቱታ ብቻውን ከዚህ የበለጠ ውኃ ሊይዝ ይችላል፤ የአንድ ቡድን ትጥቅ በሙሉ ሲሰጣ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። መስኮት ዘግቶ ማስጣት ውኃውን ከጨርቅ ወደ ግድግዳ ከማዛወር አያልፍም።

የክረምት አየር እርጥብ ስለሆነ መስኮት መክፈት አይጠቅምም የሚል አስተያየት ይሰማል። ስሌቱ ግን አይደግፈውም። የ10 ዲግሪ የንጋት አየር በትነት ጠግቦ እንኳ የሚይዘው 9.4 ግራም ነው፤ ይኸው አየር ወደ ክፍል ገብቶ 20 ዲግሪ ሲደርስ አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 54 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ክፍሉ ከውጭው የሞቀ እስከሆነ ድረስ የሚገባው አየር ያደርቃል። ክፍሉን ለማሞቅ ሲባል ግን ከሰል ዘግቶ ማንደድ ፈጽሞ አይገባም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ነው።

ብዙም ልብ የማይባለው ሌላ ምክንያት ጨው ነው። ላብ ሲተን በጨርቁ ላይ ጨው ይተዋል። የዚህ ጨው ዋና ክፍል የሆነው ሶዲየም ክሎራይድ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ከአየር ውኃ ስቦ ይሟሟል፤ የአዲስ አበባ የክረምት ሌሊት ደግሞ ይህን ገደብ በቀላሉ ያልፋል። ሳይለቀለቅ የደረቀ ማሊያ ማታ ደርቆ ጠዋት የሚረጥበው በዚህ ምክንያት ነው። ባለቤቱ በቅጡ ስላልደረቀ ነው ብሎ ያስባል፤ ማሊያው ግን ደርቆ ነበር። ሳሙና ባይገኝ እንኳ ከልምምድ በኋላ ወዲያውኑ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅና በደረቅ ፎጣ ጠቅልሎ መጭመቅ ያለው ጥቅም ከዚህ ይመነጫል።

ጫማ ከሁሉም ያስቸግራል። የላይኛው መረብ ቶሎ ይደርቃል፤ ከታች ያለው ኢቫ የተባለው ስፖንጅም ቀዳዳዎቹ የተዘጉ በመሆናቸው ብዙ ውኃ አይጠጣም። ውኃው የሚሸሸገው በውስጥ ሶሉ፣ በምላሱና ተረከዝን በሚያቅፈው ለስላሳ ገበር ውስጥ ነው። ስለሆነም የውስጥ ሶሉ ወጥቶ፣ ማሰሪያው ላልቶ፣ ምላሱ ወደ ፊት ተስቦ ጋዜጣ ይጎሰጎስበታል። ወረቀቱ ውኃውን መጥጦ ከራሰ በኋላ ግን ጫማውን አፍኖ የሚያቆይ እርጥብ ነገር ይሆናል፤ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሰዓታት መለወጥ፣ ከዚያም አውጥቶ የጫማውን አፍ ነፋስ ወደሚመጣበት ማዞር ይገባል። ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ሙጫውን ያላላል፣ ኢቫውንም ያኮማትራል፤ አንድ ጫማ ብቻ ላለው ሰው ይህ ከጠረኑ የባሰ ኪሳራ ነው። በክረምት ዝናቡ በአብዛኛው ከቀትር በኋላ ስለሚጥል ረፋዱን ለማስጣት መጠቀም ያዋጣል።

ሽቶ መርጨትም ሆነ ትጥቁን ዕጣን ማጠን ጠረኑን ይሸፍናል እንጂ ምንጩን አይነካም። ቤኪንግ ሶዳ በተወሰነ ደረጃ ይለያል፤ አይሶቫለሪክ አሲድን ወደማይተን ጨው ስለሚለውጠው በደረቀ ጫማ ውስጥ ነስንሶ አሳድሮ ማራገፍ ይረዳል። በረኪና ላስቲክነት ያለውን ጨርቅ ይጎዳል፤ ከኮምጣጤ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል።

ትጥቁ መድረቁን በእጅ ዳስሶ ማወቅ ያሳስታል፤ ቀዝቃዛ ጨርቅ እርጥብ፣ ፀሐይ ያሞቀው ደግሞ ደረቅ ይመስላል። የሚታመነው ሚዛን ነው። ጫማው ደረቅ ሳለ ተመዝኖ ክብደቱ ይያዛል፤ ከልምምድ በኋላ ወደዚያው ክብደት ሲመለስ ለማስቀመጥ ዝግጁ ነው። ማስቀመጫው ከፌስታል ይልቅ የጨርቅ ከረጢት ቢሆን ይመረጣል፤ ከወለልና ከውጭ ግድግዳም ይራቅ። ቀዝቃዛ ግድግዳ አጠገብ ያለው አየር አንጻራዊ እርጥበቱ ከክፍሉ መካከል ይልቅ ከፍ ስለሚል፣ ሻጋታም በአብዛኛው ከ80 በመቶ በላይ ስለሚበረታ፣ በመሃል ክፍሉ የማይሻግት ጫማ በጥግ ሊሻግት ይችላል።