መቆለፍ ብቻውን አይበቃም

ለኮርስ ፕሮጀክት የመልእክት መላኪያ ፕሮግራም ስሠራ፣ መልእክቶቹን በኤኢኤስ መሰጠርኩና “በቃ፣ አለቀ” አልኩ። መምህሬ ግን “መንገድ ላይ ሰው ቢነካካውስ በምን ታውቃለህ?” ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤኢኤስ ጠንካራ ነው፤ ግን በየትኛው ዘዴ እንደሚሠራም መምረጥ አለባችሁ። ሲቲአር በሚባለው ዘዴ የተመሰጠረ “100 ሸቅል” አስቡ። ኮምፒውተር ፊደልና ቁጥርን በሚጽፍበት ኮድ፣ በ1 እና በ9 መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ቢት ብቻ ናት። አጥቂው 1 የት ቦታ እንዳለች ካወቀ፣ ቁልፉ ሳይኖረው ያችን ቢት ይገለብጣል፤ ተቀባዩም ሲፈታው 900 ያነባል። ምስጢሩ አልወጣም፣ ገንዘቡ ግን ተቀየረ።

መሰወርና ማረጋገጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱንም አብሮ የሚሠራ ምረጡ፦ ኤኢኤስ-ጂሲኤም ወይም ቻቻ20-ፖሊ1305። እነዚህ ከመልእክቱ ጋር የማረጋገጫ ማኅተም ይልካሉ፤ አንዲት ቢት ከተነካች ላይብረሪው አልቀበልም ይላል። በ2018 የወጣው ቲኤልኤስ 1.3 የፈቀደውም እንዲህ ያሉትን ብቻ ነው።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ምርጫውን ለላይብረሪው አትተዉ። ጃቫ ላይ “ኤኢኤስ” ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጣችሁ ኢሲቢ ነው፤ እሱ ደግሞ አንድ ዓይነት ጽሑፍን ሁሌም ወደ አንድ ዓይነት ምስጢር ስለሚቀይር ድግግሞሹ ይታያል። ሁለተኛ፣ ጂሲኤም ለእያንዳንዱ መልእክት ኖንስ የሚባል አዲስ ቁጥር ይፈልጋል። በአንድ ቁልፍ ያንኑ ኖንስ ሁለቴ ከተጠቀማችሁ፣ አጥቂው ማኅተሙን ራሱን አስመስሎ ሊሠራ ይችላል።

እኔም ፕሮጀክቴን ወደ ጂሲኤም ቀየርኩት። የተጨመረው ኮድ ጥቂት መስመር ነው፤ የመምህሬ ጥያቄ ግን አሁን መልስ አለው።