የመመለሻ ነጥብ (ዊንዶውስ)

የመመለሻ ነጥብ ወይም ሪስቶር ፖይንት ማለት የዊንዶውስ ስርዓተ ክወና በአንድ በተወሰነ ጊዜ የነበረበትን ሁኔታ የሚይዝ መዝገብ ነው። ኮምፒውተሩ አዲስ ፕሮግራም ከተጫነበት፣ ድራይቨር ከተለወጠበት ወይም ዝማኔ ከገባበት በኋላ በትክክል አልሠራ ቢል፣ ሲስተም ሪስቶር የተባለው የዊንዶውስ ክፍል በዚህ መዝገብ ተጠቅሞ ስርዓቱን ችግሩ ከመከሰቱ በፊት ወደነበረበት ሁኔታ ይመልሰዋል። የተጠቃሚው ሰነዶች፣ ፎቶዎችና ኢሜይሎች ግን በዚህ ሂደት አይነኩም። ስለዚህ የመመለሻ ነጥብ ከምትኬ የተለየ ነገር ነው፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት የሥራ ፋይልን እስከመጨረሻው ሊያሳጣ ይችላል።

ታሪክ

ሲስተም ሪስቶር ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው ከዊንዶውስ ሚሌኒየም ኤዲሽን ጋር እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2000 (መስከረም 1993 ዓ.ም.) ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒም ይህንኑ ይዞ ቀረበ። በእነዚህ ሁለት ስሪቶች ላይ ሲስተም ሪስቶር የተወሰኑ የፋይል ዓይነቶችን እየተከታተለ፣ አንድ የስርዓት ፋይል ሊለወጥ ሲል አሮጌውን ቅጂ ለብቻው ያስቀምጥ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አሠራሩ ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ የመመለሻ ነጥቦች የሚመሠረቱት ቮልዩም ሻዶ ኮፒ በሚባለው አገልግሎት ላይ ነው።

አሠራር

የመመለሻ ነጥብ ሲፈጠር የዲስኩ ይዘት በሙሉ አይቀዳም። ዊንዶውስ ጊዜውን ይመዘግብና ከዚያ በኋላ በዲስኩ ላይ የሚደረገውን ለውጥ ይጠብቃል። በአንድ የዲስክ ክፍል ላይ አዲስ ነገር ሊጻፍ ሲል፣ በቦታው የነበረው አሮጌ ይዘት አስቀድሞ ወደ ተለየ ማከማቻ ይገለበጣል። ይህም በመዝገብ ላይ አንድ መስመር ከመሰረዙ በፊት የነበረውን ጽሑፍ በሌላ ወረቀት ላይ እንደመገልበጥ ነው።

በዚህ ምክንያት አዲስ የመመለሻ ነጥብ በመጀመሪያ የሚይዘው ቦታ ትንሽ ነው፤ በዲስኩ ላይ የሚደረገው ለውጥ ሲበዛ ግን እያደገ ይሄዳል። ለዚህ የተመደበው ቦታ ሲሞላ ዊንዶውስ በዕድሜ የቆየውን ነጥብ እየሰረዘ ለአዲሱ ቦታ ይለቃል።

የሚመለሰውና የማይመለሰው

ወደ አንድ ነጥብ ሲመለሱ የሚለወጡት የስርዓቱ ፋይሎች፣ የተጫኑ ፕሮግራሞች፣ ድራይቨሮች፣ የዊንዶውስ ዝማኔዎችና የስርዓቱ ቅንብር የሚቀመጥበት ሬጂስትሪ ናቸው። ከነጥቡ በኋላ የተጫነ ፕሮግራም ስለሚወገድ እንደገና መጫን ያስፈልጋል።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት፣ አንዲት ተማሪ ሰኞ የመመለሻ ነጥብ ፈጠረች እንበል። ማክሰኞ የመመረቂያ ጽሑፏን አንድ ምዕራፍ ጻፈች፤ ረቡዕ የፕሪንተር ድራይቨር ጫነች፤ ሐሙስ ኮምፒውተሩ እየቆመ አስቸገራት። ወደ ሰኞው ነጥብ ብትመለስ ድራይቨሩ ይወገዳል፣ ማክሰኞ የጻፈችው ምዕራፍ ግን እንዳለ ይቆያል። በአንጻሩ ማክሰኞ ጽሑፉን በስሕተት ሰርዛው ቢሆን ኖሮ፣ ወደ ሰኞ መመለሷ ፋይሉን አያስገኝላትም። ሲስተም ሪስቶር የግል ሰነዶችን የማይነካ በመሆኑ አያጠፋቸውም፣ የጠፉትንም አያመጣም።

የመመለሻ ነጥብ የሚፈጠርበት ጊዜ

ዊንዶውስ የመመለሻ ነጥቦችን በአንዳንድ ሁኔታዎች በራሱ ይፈጥራል። ከእነዚህም መካከል ዝማኔ ከመጫኑ በፊት፣ አንዳንድ ፕሮግራሞችና ድራይቨሮች ከመጫናቸው በፊት ያለው ጊዜ ይገኝበታል። ሆኖም ይህ የሚሆነው የሲስተም ጥበቃ ሲበራ ብቻ ነው። በብዙ የዊንዶውስ 10 እና 11 ኮምፒውተሮች ላይ ጥበቃው ጠፍቶ ስለሚገኝ፣ ችግር ሳይመጣ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል።

በእጅ መፍጠር

በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ የመመለሻ ነጥብ የሚፈጠረው በሚከተለው ቅደም ተከተል ነው። ለዚህም የአስተዳዳሪ ፈቃድ ያለው አካውንት ያስፈልጋል።

1. በስታርት ሜኑ መፈለጊያ ላይ «ክሪየት ኤ ሪስቶር ፖይንት» ተብሎ በእንግሊዝኛ ይጻፍና የሚመጣው ውጤት ይከፈታል። የሲስተም ጥበቃ ገጽ ይቀርባል።
2. ከድራይቮቹ ዝርዝር ዊንዶውስ የተጫነበት፣ ብዙውን ጊዜ ሲ የሚባለው፣ ይመረጣል። ከጎኑ «ኦፍ» የሚል ከሆነ ጥበቃው ጠፍቷል ማለት ነው።
3. ጥበቃው ከጠፋ «ኮንፊገር» የሚለው ቁልፍ ተጭኖ ጥበቃው ይበራል። ለነጥቦቹ የሚመደበው የዲስክ ቦታም እዚያው ይወሰናል።
4. ወደ ቀደመው ገጽ ተመልሶ «ክሪየት» የሚለው ይጫናል።
5. ለነጥቡ መግለጫ ይጻፍለታል። «አዲስ የፕሪንተር ድራይቨር ከመጫኑ በፊት» የሚል ዓይነት ግልጽ መግለጫ በኋላ ትክክለኛውን ነጥብ ለመለየት ይረዳል። ቀኑንና ሰዓቱን ዊንዶውስ ራሱ ይጨምራል።

ወደ ነጥቡ መመለስ

ዊንዶውስ መነሳት የሚችል ከሆነ በዚሁ ገጽ ላይ «ሲስተም ሪስቶር» የሚለው ተጭኖ ከዝርዝሩ አንድ ነጥብ ይመረጣል። ከመቀጠል በፊት «ስካን ፎር አፌክትድ ፕሮግራምስ» የሚለውን መጫን ጠቃሚ ነው፤ የትኞቹ ፕሮግራሞችና ድራይቨሮች እንደሚወገዱ፣ የትኞቹም እንደሚመለሱ ያሳያል። ክፍት ሥራ ሁሉ መቀመጥ አለበት፤ ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ቻርጀር ላይ መሰካት ይኖርበታል፤ ሂደቱ ከተጀመረ በኋላ መቋረጥ የለበትም።

ዊንዶውስ አልነሳ ካለ ከመጠገኛው ክፍል መግባት ይቻላል። ዊንዶውስ በተደጋጋሚ መነሳት ሲያቅተው ይህ ክፍል ብዙውን ጊዜ በራሱ ይከፈታል። በዚያም «ትራብልሹት»፣ ቀጥሎ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ በመጨረሻም «ሲስተም ሪስቶር» ይመረጣል። ዲስኩ በቢትሎከር የተመሰጠረ ከሆነ የቢትሎከር ቁልፍ ሊጠየቅ ስለሚችል፣ ቁልፉን ከኮምፒውተሩ ውጭ በሌላ ቦታ ጽፎ መያዝ ያስፈልጋል።

ውጤቱ አጥጋቢ ካልሆነ መመለሱን መሻር ይቻላል። ሲስተም ሪስቶር ሥራውን ሲጀምር ለዚሁ የሚሆን ሌላ ነጥብ ይፈጥራልና። በሴፍ ሞድ ወይም ከመጠገኛው ክፍል የተካሄደ መመለስ ግን አይሻርም።

ገደቦች

የመመለሻ ነጥብ የሚቀመጠው እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለው ዲስክ ላይ ነው። ዲስኩ ቢበላሽ፣ ኮምፒውተሩ ቢሰረቅ ወይም ዲስኩ ፎርማት ቢደረግ ነጥቦቹም አብረው ይጠፋሉ።

ነጥቦቹ ለዘለቄታው አይቆዩም። እ.ኤ.አ. ከጁን 2025 ዝማኔ በኋላ ዊንዶውስ 11 ስሪት 24ኤች2 አንድን ነጥብ የሚያቆየው እስከ 60 ቀን ነው። የተመደበው ቦታ ከሞላም ከዚያ በፊት ሊሰረዝ ይችላል።

በቫይረስ ላይም አስተማማኝ መከላከያ አይደለም። ፋይሎችን ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ አጥፊ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ አስቀድመው የሻዶ ኮፒ ቅጂዎችን ይሰርዛሉ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 በዓለም ዙሪያ የተሰራጨው ዋናክራይ እንዲህ ያደርግ ነበር። ጥቃቱ በደረሰባቸው ኮምፒውተሮች ላይ ፋይሎቻቸውን ማዳን የቻሉት በዋናነት በሌላ ቦታ ቅጂ የነበራቸው ናቸው።

ከምትኬና ከሪሴት ያለው ልዩነት

ምትኬ የፋይሎችን ቅጂ በውጫዊ ዲስክ፣ በፍላሽ ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ማስቀመጥ ሲሆን፣ የጠፋን ሰነድ መልሶ ማግኘት የሚቻለው በእርሱ ነው። ሪሴት ዊንዶውስን እንደ አዲስ ይጭናል፤ የግል ፋይሎችን እንዲያቆይ ማዘዝ ቢቻልም በተጠቃሚው የተጫኑትን ፕሮግራሞች ያስወግዳል። የመመለሻ ነጥብ ከሦስቱ ፈጣኑና ቀላሉ ነው፤ የሚጠቅመውም የስርዓት ለውጥ ላመጣው ብልሽት ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሒሳብ መዝገብ ወይም የቤተሰብ ፎቶ ያለበት ኮምፒውተር ከመመለሻ ነጥብ በተጨማሪ ምትኬ ያስፈልገዋል።