ጎንደር ከግንቡ ባሻገር

ጎንደር የደረሰ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ወደ ፋሲል ግቢ ያመራል፤ ፎቶ ያነሳል፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ይሳለምና በማግስቱ የሰሜን ተራሮችን መንገድ ይይዛል። ከተማዋ ግን ግንቡ ላይ አታበቃም። ቤተ መንግሥቱ፣ ቤተ ክህነቱ፣ ነጋዴው፣ የእጅ ባለሙያው፣ ኋላም ጣሊያን በየተራ ሰፈር መሥርተውባታል። የፊተኛውን አፍርሶ በቦታው ከመሥራት ይልቅ አጠገቡ መሥራት ስለተለመደ፣ ከሰፈር ወደ ሰፈር የሚሄድ ሰው ከዘመን ወደ ዘመን ይሻገራል።

መነሻው ያው ግቢው ነው። አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1636) ጎንደርን ሲቆረቁሩ፣ ከአንዱ የድንኳን ከተማ ወደ ሌላው ሲዘዋወር የኖረው ቤተ መንግሥት ቋሚ መቀመጫ አገኘ። ግቢው 7 ሄክታር ገደማ ነው፤ የቤጂንጉ «የተከለከለ ከተማ» ከዚህ አሥር እጥፍ ያህል ይሰፋል። የቻይና ነገሥታት እዚያው አንድ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሲፈራረቁ፣ የጎንደሮቹ ግን የአባታቸውን ግንብ እንዳለ ትተው ጎኑ ላይ የየራሳቸውን ያንጹ ነበር። በአራት ክብ ማማዎች የታጠረው የፋሲል ግንብ፣ የዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የዳዊት የዘፈን አዳራሽ፣ የበካፋ የግብር አዳራሽ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ በአንድ ቅጥር ውስጥ የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። የታላቁ ኢያሱ ግንብ ጣሪያ የለውም። በ1704 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶት ነበር፤ በ1941 ደግሞ ጣሊያንን ለማስለቀቅ የመጡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ አገኘው። ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ከቅጥሩ ውጭ ያለው ከተማ የሰፈረው በዘፈቀደ አልነበረም። ጳጳሱ በአቡን ቤት፣ የገዳማቱ አለቃ በእጨጌ ቤት ይቀመጡ ነበር። እጨጌ ቤት የመማጸኛ ሰፈር በመሆኑ፣ የተከሰሰ ሰው ይሸሸግበት፣ ጦርነት ሲሰጋ ደግሞ ሀብት ያለው ንብረቱን ያስቀምጥበት ነበር።

ሃይማኖትም ሰፈር ለይቷል። አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በ1668 እ.ኤ.አ. የጠሩት ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። የሙስሊሞቹ ሰፈር በቀሃ ወንዝ በኩል ቆላ ብሎ ተመሠረተ፤ አዲስ ዓለም የሚባለው ይኸው ነው። ውሳኔው መራራ ቢሆንም የከተማዋ ንግድ ያለ እነዚህ ነጋዴዎች የሚታሰብ አልነበረም፤ በመተማ በኩል ወደ ስናር የሚወርደውና ወደ ምጽዋ የሚዘልቀው ቅፍለት በአብዛኛው በእነሱ እጅ ነበር። ቤተ እስራኤላውያንም የየራሳቸው ሰፈር ነበራቸው፤ ካይላ ሜዳ ዛሬም በዚህ ይታወቃል። ግንበኞች፣ አናጢዎችና አንጥረኞች ስለነበሩ እንግዳው የሚያደንቃቸው ግንቦች ላይ እጃቸው አለበት።

ከግቢው ወደ ሰሜን ምሥራቅ በእግር የሚደረስበት ደብረ ብርሃን ሥላሴ የታላቁ ኢያሱ ሥራ ነው። በ1888 እ.ኤ.አ. ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ከአብዛኞቹ አድባራት ተለይቶ ተረፈ፤ ያዳነው የንብ መንጋ ነው ይላል የአገሬው ትውፊት። ገብቶ ቀና ያለ ሰው ጣሪያውን የሞሉትን የመላእክት ፊቶች ያያል፤ ፊታቸው ተመሳሳይ ይመስላል እንጂ ዓይናቸው የሚያይበት አቅጣጫ ይለያያል። የቅጥሩ ዙሪያ 12 ክብ ግንቦች የሐዋርያት ምሳሌ እንደሆኑ ካህናቱ ይናገራሉ።

ፒያሳ ሲደርሱ ዘመኑ ይለወጣል። ጣሊያን ጎንደርን የአማራ ግዛቱ ዋና ከተማ አድርጎ ፖስታ ቤቱን፣ ሲኒማ ቤቱንና ማዕዘናቸው የተጠማዘዘ ሕንፃዎችን ሠራ። በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠውም እዚሁ ጎንደር ላይ ነው፤ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም.። ዛሬ በእነዚያ ሕንፃዎች ሥር ቡና ይጠጣል፣ ጫማ ይጠረጋል፣ ባጃጅ ይጠራል።

ከፒያሳ በባጃጅ ወደ ቀሃ ወንዝ የወረደ የፋሲለደስን መዋኛ ያገኛል። በአብዛኛው የዓመቱ ጊዜ ገንዳው ደረቅ ነው፤ የዋርካ ሥሮች እንደ ጣት ድንጋዩን ጨብጠው የሚታዩበትን አጥር ተረጋግቶ ለማየት ይመቻል። ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውኃ ይሞላና ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወርደው ያድራሉ፤ በ11 ጠዋት ውኃው ሲባረክ ወጣቱ ከነልብሱ ይገባል። በበዓሉ ሰሞን ለመሄድ ያሰበ አልጋ ቀድሞ መያዝ አለበት። ከመዋኛው ሽቅብ የቁስቋም ደብር አለ፤ እቴጌ ምንትዋብ ከግቢው ርቀው ቤተ መንግሥት የሠሩበት ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ሲገባ ፈንጣጣ የያዛቸውን የቤተ መንግሥት ልጆች ያከመው በዚሁ ቁስቋም ነበር።

በአውሮፕላን የሚመለስ እንግዳ አዘዞን ያልፋል። እዚህ የፋሲለደስ አባት አፄ ሱስንዮስ ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት ቤተ መንግሥትና ገነተ ኢየሱስ የተባለ ቤተ ክርስቲያን ነበራቸው፤ የስፔን አርኪዮሎጂስቶችም ቆፍረው ፍርስራሹን አጥንተዋል። የኖራ ግንብ ጥበብ የተለመደው በአባት ዘመን በመሆኑ፣ የጎንደርን ጉብኝት በመነሻው ለመጀመር የሚፈልግ ከግቢው አስቀድሞ አዘዞ ላይ ግማሽ ቀን ቢይዝ ይመረጣል።