ከካሜራ ተለይቶ የሚቆም ፍላሽና ለንግድ ሥራ የሚሰጠው ጥቅም

የፎቶግራፍ ሥራ የብርሃን ሥራ ነው። ካሜራው ምንም ያህል ውድ ቢሆን፥ ብርሃኑ በሚገባ ካልተሰናዳ ሥዕሉ ሊያምር አይችልም። ዛሬ ብዙ ሰው በስልኩ ካሜራ ይዞ ስለሚሄድ፥ ገንዘብ ከፍሎ ወደ ፎቶግራፍ ቤት የሚመጣ ደንበኛ ራሱ ሊሠራው የማይችለውን ይፈልጋል። ሸቀጡን በሥዕል የሚያስተዋውቅ ነጋዴም እንዲሁ ነው፤ የጨርቁ ቀለም በሥዕሉ ላይ ሌላ፥ በእጅ ሲያዝ ሌላ ሆኖ ቢገኝ ዕቃው ይመለሳል፥ እምነትም ይጐድላል።

ፍላሽ ብዙ ደረጃ አልፎ ከዛሬው ደርሷል። በኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1887 ዓ.ም. ዮሐንስ ጌዲከና አዶልፍ ሚተ የተባሉ ጀርመናውያን የማግኒዚየም ዱቄት ያለበትን ተቀጣጣይ ድብልቅ አወጡ፤ ብርሃኑ ብርቱ ቢሆንም ጢስና የእሳት አደጋ ነበረው። በ1929 ዓ.ም. በጀርመን አገር የፍላሽ አምፑል ለገበያ ቀረበ፤ ይኸውም አንድ ጊዜ በርቶ የሚጣል ነበር። በ1930ዎቹ ዓመታት ደግሞ ሃሮልድ ኤጀርተን የተባሉት አሜሪካዊ መሐንዲስ ጋዝ በተሞላ ቱቦ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚበራውን ፍላሽ አሻሽለው ለፎቶግራፍ ሥራ አበቁት። ዛሬ የሚሸጠውም ፍላሽ በዚሁ መሠረት የተሠራ ነው።

ፍላሽ በካሜራው ራስ ላይ እንደ ተቀመጠ ቢበራ፥ ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚመታ መልክ ጠፍጣፋ ይሆናል። ሙሽራይቱ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ እንደ ሆነ፥ ነጩ ጥጥ ከፊቷ ይልቅ ብርሃን ስለሚመልስ የሽመናው ውበት ይጠፋል። ፍላሹ ከካሜራው ተለይቶ 45 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን፥ ከዐይን ከፍታም ጥቂት ከፍ ብሎ ሲቆም ግን የፊት ቅርጽ ይገለጣል፤ የብርሃኑም መካከል ወደ ፊቷ፥ ዳርቻው ወደ ቀሚሱ እንዲያርፍ ማድረግ ይቻላል። ለቆዳ ጫማና ለተሸመነ ጨርቅ ደግሞ ከጎን ዝቅ ብሎ የሚመጣ ብርሃን የዕቃውን ገጽ አጒልቶ ያሳያል።

ብርሃን በርቀት እጅግ ይቀንሳል። ከፍላሹ 1 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ከሚያገኘው ብርሃን፥ በ2 ሜትር የቆመው ሩቡን፥ በ3 ሜትር የቆመው አንድ ዘጠነኛውን ብቻ ያገኛል። ስለዚህ ፍላሹን ለሰውየው ማቅረብ ከበስተኋላው ያለውን ግድግዳ ያጨልማል። የብርሃኑን ልስላሴ የሚወስነው ግን የምንጩ ስፋት ነው፤ ነጭ ጃንጥላ ወይም ሶፍትቦክስ ወደ ሰውየው ሲቀርብ የጥላው ዳርቻ ይለሰልሳል።

የፍላሽ ኀይል በመለያ ቊጥሩ ይታወቃል። ቊጥሩ በሜትር 40 የሆነ ፍላሽ በአይኤስኦ 100፥ ያለ ጃንጥላ፥ በሙሉ ኀይሉ ሲበራ፥ 40 በርቀቱ ይካፈላል፤ ለ5 ሜትር ርቀት የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8 ይሆናል ማለት ነው። የብዙ ካሜራዎች መዝጊያ ከፍላሽ ጋር የሚስማማው እስከ 1/200 ወይም 1/250 ሰከንድ ድረስ ነው፤ ከዚህ ከፈጠነ፥ ለፈጣን መዝጊያ የተሠራ ፍላሽ ካልሆነ በቀር፥ የሥዕሉ ከፊል ጥቁር ሆኖ ይወጣል።

ዕቃውን የሚገዛም ሆነ ከውጭ የሚያስመጣ ሰው ጥቂት ነገሮችን አስቀድሞ መመርመር ይገባዋል። አንደኛ፥ ፍላሹና የሬዲዮ ማስነሻው ከካሜራው ጋር የሚስማሙ መሆናቸውን ያረጋግጥ፤ ኀይልን ራሱ የሚመጥነው ዐይነት ለእያንዳንዱ የካሜራ ፋብሪካ ለየብቻ ይሠራል። ሁለተኛ፥ የሌላ ፍላሽ ብልጭታ አይቶ የሚበራው ዐይነት በሠርግ አዳራሽ በእንግዶች ፍላሽ ሊታለል ስለሚችል በሬዲዮ የሚሠራው ይመረጣል። ሦስተኛ፥ አንዳንድ አሮጌ ፍላሾች ወደ ካሜራው ከ200 ቮልት በላይ ሊልኩ ስለሚችሉ አዲሱን ካሜራ ያበላሻሉ። አራተኛ፥ ጃንጥላ የተሰካበት ማቆሚያ በነፋስ ስለሚወድቅ እግሩን አሸዋ በተሞላ ከረጢት ማስያዝ ያሻል። ከሁሉም በላይ፥ ፍላሽ ከጠፋ በኋላም በውስጡ ብርቱ ኤሌክትሪክ ስለሚቈይ፥ ባለሙያ ያልሆነ ሰው ሊፈታው አይገባም።

ብዙ ዕቃ በአንድ ጊዜ መግዛት ግዴታ አይደለም። ኀይሉ በእጅ የሚመጠን አንድ ፍላሽ፥ አንድ የሬዲዮ ማስነሻ፥ አንድ ማቆሚያና አንድ ነጭ ጃንጥላ ለመጀመሪያ ይበቃሉ። በእነዚህ ተለማምዶ የብርሃንን ጠባይ የተረዳ ባለሙያ፥ ደንበኛው በስልኩ ሊያነሣ የማይችለውን ሥዕል ያቀርባል፤ ሸቀጡን በእርሱ የሚያሠራ ነጋዴም ለገዢው ያሳየውንና የሚያስረክበውን አንድ አድርጎ ስሙን ያስከብራል።