ለነሐሴ የሚደርስ ድንች

የመስኖ ሥራ ሪፖርት ሲቀርብ በቅድሚያ የሚጠራው የለማው ሄክታር ነው። በምሥራቅ ጎጃም፣ በየጁቤ፣ በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ በተዳፋት ላይ ቁራሽ መሬት ይዞ ለሚያርሰው ገበሬ ግን ትርፍና ኪሳራውን የሚለየው ምርቱ ገበያ የሚወጣበት ወር ነው። በበጋ በመስኖ የሚለማው ሽንኩርት ከፎገራም ከመቂም በአንድ ሰሞን ይጎርፋል። ዋጋው ይወድቃል፤ ማቆያ የሌለው ገበሬም ደላላው በቆረጠለት ዋጋ ይሸጣል። ክረምት ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል፣ አትክልቱ ይበሰብሳል፣ አቅርቦቱ ይሳሳል። ፈላጊው ግን ይበረክታል፦ ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል፤ ጾሙ ከተፈታ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ እንቁጣጣሽ፣ ቀጥሎም መስቀል ይመጣል። ወቅቱን ያልጠበቀ አትክልት ገበያ አለው ወይ ለሚለው የቆየ ጥያቄ፣ ቢያንስ በእኛ አገር፣ የጾምና የበዓል አቆጣጠሩ ራሱ መልስ ይሰጣል።

ከጮቄ ተራራ የሚወርዱ ምንጮችና ጅረቶች ባሉበት ቦታ ለዚህ ገበያ የሚመቸው ድንች ነው። በየካቲትና በመጋቢት በጠለፋ ውሃና በበልግ ጠል ተተክሎ በሦስትና በአራት ወር ይደርሳል፤ ቅጠሉን የሚያጠቁረው የክረምት በሽታ ከመበርታቱ በፊት አብዛኛውን ዕድገቱን ይጨርሳል። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው ጉደኔና በለጠ በሽታውን እንዲቋቋሙ የተመረጡ ናቸው። ገበሬው የደረሰውን ድንች ሳይቆፍር መሬት ውስጥ አቆይቶ ዋጋ የመጠበቅ ልማድም አለው። ዝናቡ ሲከብድ ግን ትልና ብስባሴ ስለሚቀድመው የሚያተርፈው ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው።

ጤፍ ባለበት አገር ለገበያ ተብሎ አትክልት መትከል ቤተሰቡን ያስርባል የሚሉ አሉ። ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ ድንቹ የሚደርሰው ግን ጎተራው በሚጎድልበት በሰኔና በሐምሌ ስለሆነ ያልተሸጠው ለቤት ይሆናል። የቢቸና ዋልካም ለጤፉ ይቆይ። ሁሉም ከተከለ ዋጋው ይወድቃል የሚለው ክርክርም እውነትነት አለው፤ ሆኖም ጠለፋ ውሃና ውሃ የማይቋጥር መሬት አብረው ያሉት ገበሬ ጥቂት ነው። ከሁሉ የሚከብደኝ የአፈሩ ጉዳይ ነው። በሐምሌ ዶፍ ውስጥ የተቆፈረ ተዳፋት አፈሩን ለአባይ ያስረክባል፤ ጮቄም ከዚህ በላይ መራቆት አይችልም። ስለዚህ ይህ ሥራ እርከን ለተሠራለት ማሳና ለጓሮ ብቻ ይሁን፤ አዲስ ገደል ለማረስ ምክንያት መሆን የለበትም።

ቀሪው የመንገድ ጉዳይ ነው። ከማሳው እስከ ዋናው መንገድ ያለው መጋቢ መንገድ በክረምት ጭቃ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ የተወደደው ድንች እዚያው ቀበሌው ውስጥ ይረክሳል። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች አዲስ ቦይ ከመቆፈራቸው በፊት ለዚህ መንገድ ጠጠር ያስደፉ፤ ንጹሕ ዘር ድንችም ከጥር በፊት ለገበሬው ያድርሱ።