ቶዮታ አይበላሽም? ስለ አንድ የመኪና ፋብሪካ የሚወራውና የሆነው

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ደላላውንም ጠየቀ መካኒኩን፣ የሚሰማው ምክር ተመሳሳይ ነው፦ «ቶዮታ ግዛ። አይበላሽም፣ መለዋወጫው ሞልቷል፣ ስትሸጠውም ዋጋው አይወርድም።» ምክሩ ከልምድ የመጣ ነው። ከሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ እስከ ቪትዝ፣ ከእርዳታ ድርጅት ላንድክሩዘር እስከ ሃይሉክስ ፒክአፕ ይህ ስም ለአሥርተ ዓመታት አብሮን ኖሯል። ችግሩ የሚመጣው ምክሩ ወደ እምነት ሲለወጥ ነው። «ቶዮታ ነው» ስለተባለ ብቻ ሳያስፈትሽ የሚከፍል፣ ዘይት ሳይቀይር ወራት የሚነዳ ሰው ጥቂት አይደለም። ስለዚህ በየቦታው የሚነገረውን ከታሪኩ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተረት፦ ቶዮታ ከጥንትም የማይበላሽ መኪና ነበር የሚሠራው

የመጀመሪያዎቹ ቶዮታዎች መንገድ ላይ እየቆሙ ባለቤቶቻቸውን ያስመርሩ ነበር።

የኩባንያው ሥር ሽመና ነው። ሳኪቺ ቶዮዳ የሽመና ማሽን ፈልሳፊ ሲሆን፣ በ1924 ያጠናቀቀው አውቶማቲክ ማሽን ድር ሲበጠስበት ራሱን ያቆም ነበር። የማሽኑን የፈጠራ መብት በ1929 ፕላት ብራዘርስ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ በ100,000 ፓውንድ ሊገዛ ተዋዋለ። የሳኪቺ ልጅ ኪይቺሮ በ1933 በዚሁ የሽመና ማሽን ፋብሪካ ውስጥ የመኪና ክፍል ከፈተ። ያኔ የጃፓንን ገበያ የያዙት ዮኮሃማ ላይ የሚገጣጥመው ፎርድና ኦሳካ ላይ የሚገጣጥመው ጄኔራል ሞተርስ ነበሩ። ኪይቺሮና ባልደረቦቹ የሼቭሮሌ ሞተር ፈታተው እያጠኑ የራሳቸውን ሠሩ። በ1936 ለገበያ የቀረበው ኤኤ የተባለው የቤት መኪናቸው ቅርጹን የወሰደው ከክራይስለር ኤርፍሎው ነበር። ከእሱ ቀድሞ በ1935 የወጣው ጂ1 የጭነት መኪና ብልሽቱ በመብዛቱ ኩባንያው መካኒክ እየላከ ሲጠግን ከረመ። ከውጭ ተፎካካሪዎቹ ያዳነው ጥራቱ አልነበረም። በ1936 የወጣው የጃፓን የመኪና ኢንዱስትሪ ሕግ ፎርድንና ጄኔራል ሞተርስን አጥብቦ ለሀገር በቀሎቹ በር ከፈተ። ሠራዊቱም የጭነት መኪና ይፈልግ ነበር።

ከሃያ ዓመት በኋላም ነገሩ ገና አልተስተካከለም። በ1957 ቶዮታ ካሊፎርኒያ ውስጥ መሸጫ ከፍቶ ቶዮፔት ክራውን የተባለውን መኪና ለአሜሪካውያን አቀረበ። ጃፓን ውስጥ በኮረኮንች መንገድ የታክሲ ነጂዎች ያመሰገኑት መኪና ነበር። የካሊፎርኒያ አውራ ጎዳና ግን ሌላ ፈተና ሆነ፤ ረጅም ርቀት በፍጥነት ሲነዳ ይሞቃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጥረዋል። በ1958 በመላ አሜሪካ የተሸጠው 287 ቶዮፔትና አንድ ላንድክሩዘር ብቻ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ክራውን ከዚያ ገበያ ወጣ፤ ሻጮቹን በሥራ ላይ ያቆያቸው ላንድክሩዘሩ ነው። ቶዮታ ለአሜሪካ መንገድ የሚሆን መኪና ይዞ የተመለሰው በ1965፣ በኮሮና ነበር። በቀጣዩ ዓመት ኮሮላ ጃፓን ውስጥ ተወለደ፤ እስከ 2021 ድረስ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል።

ተረት፦ ባለጠጋ ቤተሰብ ስለሆኑ ወድቀው አያውቁም

በ1949 ኩባንያው ሊዘጋ አፋፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የዋጋ ንረትን ለመግታት የተወሰደው ጥብቅ የበጀት እርምጃ ገበያውን አደረቀው። መኪናው ይመረታል፣ ገዢ የለም፤ የተሸጠውም ገንዘቡ በጊዜ አይገባም። ባንኮች ብድር ሲሰጡ የሽያጩ ሥራ ተነጥሎ ራሱን የቻለ ኩባንያ እንዲሆን ጠየቁ። ሁለቱ እንደገና የተዋሃዱት በ1982 ነው። ከዚህ የከበደው ግን የሠራተኞቹ ጉዳይ ነበር። ኪይቺሮ ማንንም ላለማሰናበት ቃል ገብቶ ነበር፤ በ1950 ግን 1,600 ሠራተኞች እንዲለቁ ዕቅድ ወጣ። ሠራተኛው አድማ መታ። ለወራት ከዘለቀ ግጭት በኋላ ኪይቺሮ ኃላፊነቱን ወስዶ በሰኔ 1950 ከፕሬዚዳንትነቱ ለቀቀ።

በዚያው ወር መጨረሻ የኮሪያ ጦርነት ፈነዳ። በሐምሌ የአሜሪካ ጦር 1,000 የጭነት መኪና አዘዘ፤ ተጨማሪ ትእዛዝም ተከተለ። ፋብሪካው ነፍስ ዘራ። ኪይቺሮ ወደ ቦታው እንዲመለስ ተጠይቆ ሳለ በመጋቢት 1952፣ በ57 ዓመቱ ሞተ። የኩባንያው መትረፍ ከብልኃት ጋር የጎረቤት ሕዝብ መከራ ያመጣው ገበያም አለበት፤ ይህን ሳይጠቅሱ የቶዮታን ስኬት መተረክ ታሪኩን ማጉደል ነው።

ተረት፦ ጥራቱ የጃፓኖች ባሕርይ ነው፣ ሌላ ሕዝብ አይችለውም

ከሁሉም ይልቅ መታረም ያለበት ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ለእኛ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነው።

የቶዮታን የአመራረት ስልት ያደራጀው መሐንዲስ ታይቺ ኦኖ አንዱን ዋና ሐሳቡን ያገኘው ከአሜሪካ ሱፐርማርኬት ነው። እዚያ መደርደሪያው የሚሞላው ደንበኛ በወሰደው ልክ ነው። ኦኖም በፋብሪካው ውስጥ እያንዳንዱ ክፍል ቀጥሎ ያለው ክፍል የወሰደውን ያህል ብቻ እንዲሠራ አደረገ። የኪይቺሮ ዘመድ ኤይጂ ቶዮዳ በ1950 ዲትሮይት አጠገብ ያለውን ግዙፍ የፎርድ ፋብሪካ እየተዘዋወረ አጥንቷል። የጥራት ቁጥጥር ስታቲስቲክስን ለጃፓን መሐንዲሶች ያስተማረው አሜሪካዊው ኤድዋርድስ ዴሚንግ ነበር፤ ቶዮታም በስሙ የተሰየመውን ሽልማት በ1965 አገኘ። ከራሱ ቤት የመጣው ደግሞ የሳኪቺ ማሽን ሐሳብ ነው፦ ስሕተት ሲገኝ ሥራው ይቁም።

ማስረጃው ካሊፎርኒያ ውስጥ ፍሪሞንት በምትባል ከተማ ይገኛል። ጄኔራል ሞተርስ እዚያ የነበረውን ፋብሪካ በ1982 ዘጋው። ሠራተኛው በቀሪነቱና በአድማው፣ መኪናውም በጉድለቱ የታወቀ ነበር። በ1984 ቶዮታና ጄኔራል ሞተርስ በሽርክና ኑሚ ብለው ሲከፍቱት፣ ከተቀጠሩት አብዛኞቹ እነዚያው የቀድሞ ሠራተኞች ነበሩ፤ ማኅበራቸውም ያው ነበር። የተወሰኑት ጃፓን ሄደው የቶዮታን አሠራር አዩ። ብዙም ሳይቆይ ከፋብሪካው የሚወጣው መኪና በጥራቱ ጃፓን ውስጥ ከሚሠራው የሚስተካከል ሆነ፤ ከሥራ የሚቀረው ሠራተኛም በእጅጉ ቀነሰ። የተለወጠው አሠራሩ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ከሠራተኛው ራስ በላይ የተንጠለጠለው ገመድ ነው፦ ማንኛውም ሠራተኛ ስሕተት ካየ ይስበዋል፣ የቡድን መሪው ሮጦ ይመጣል፣ ችግሩ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ለሳበውም ቁጣ የለም፤ ምስጋና ነው የሚጠብቀው። በአሮጌው ፋብሪካ ግን መስመር ማቆም ከሥራ የሚያስባርር ጥፋት ነበር።

በሀገራችን የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ ካይዘን (ሥራን ያለማቋረጥ ማሻሻል) የሚለው ቃል ለብዙ ሠራተኛ እንግዳ አይደለም። ብዙ ጊዜ ግን ካይዘን ሲባል የምናስበው ዕቃ በመልክ በመልኩ መደርደርና ግድግዳ ላይ ሰንጠረዥ መለጠፍ ነው። የፍሪሞንት ታሪክ የሚነግረን ዋናው ነገር ከዚያ ይከብዳል፤ ታችኛው ሠራተኛ «እዚህ ላይ ስሕተት አለ» ብሎ ሥራውን ማስቆም ካልቻለ፣ አለቃውም ካልሰማው፣ የመደርደሪያው ውበት ብቻውን ጥራት አያመጣም።

«የጃፓን ስሪት ካልሆነ አልገዛም» የሚለውም ከዚሁ ተረት ይወለዳል። ቶዮታ ካምሪን ከ1988 ጀምሮ ኬንታኪ ውስጥ፣ ያሪስን ከ2001 ጀምሮ ፈረንሳይ ውስጥ፣ ሃይሉክስን በታይላንድና በደቡብ አፍሪካ፣ ኮሮላን በቱርክ ሠርቷል። ቪትዝም ያሪስ በጃፓን ገበያ ይጠራበት የነበረ ስም ነው። ላገለገለ መኪና የተሠራበት ሀገር ከሚናገረው ይልቅ የተነዳበት መንገድና የተያዘበት እጅ የበለጠ ይናገራል።

ተረት፦ ቶዮታ ጥገና አይፈልግም

ይህን ያነገሠው በረሃና ጦርነት ነው። በ1987 የቻድ ወታደሮች በቶዮታ ፒክአፖች እየከነፉ የሊቢያን ታንኮች ስላሸነፉ ውጊያው «የቶዮታ ጦርነት» የሚል ስም ተረፈው። ነገር ግን በመኪኖቹ ላይ ሚላን የተባለ ፀረ ታንክ ሚሳይል ተጭኖ ነበር፤ ከበስተኋላም የፈረንሳይ ድጋፍ ነበር።

መኪኖቹ ጠንካራ መሆናቸው አያከራክርም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በ1984 የወጣው ላንድክሩዘር 70 መሠረቱን ሳይለቅ እስከ ዛሬ ይመረታል፤ በጠንካራ ሻንሲ ላይ የተቀመጠ፣ ብዙ የተፈተነ፣ ለመፍታትና ለመግጠም የማያስቸግር ነው። ቶዮታ ከሌሎች ይልቅ አዲስ ነገር ለማስገባት ይዘገያል፤ ጥንካሬው ከዚህ መዘግየት የሚመጣ ነው። ሌላው ምክንያት እኛው ዘንድ አለ፦ ብዙ ስላለ መለዋወጫው በየሱቁ ይገኛል፣ መካኒኩም ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። ጠዋት ጋራዥ ገብቶ ማታ የሚወጣን መኪና ሰው «አይበላሽም» ብሎ ያስታውሰዋል።

ዘይቱ ካልተቀየረ ግን የቶዮታ ሞተርም ይሞታል። ከ1997 እስከ 2002 ከተሠሩት አንዳንድ ሞተሮቹ መካከል ዘይታቸው ወደ ጭቃነት እየተለወጠ የተበላሹ ነበሩ፤ አሜሪካ ውስጥ ነገሩ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። ባለቤቱ ምንም ሳያጠፋ የሚመጣ ጉድለትም አለ፦ በ2024 ኩባንያው በምርት ጊዜ ሞተር ውስጥ በቀረ የብረት ብናኝ ምክንያት 102,000 ያህል ተንድራና ሌክሰስ መኪኖችን ጠርቷል።

ተረት፦ ቶዮታ ጥፋቱን አይደብቅም

እዚህ ላይ ተረቱ በሁለት ወገን ነው። በ2009 እና 2010 አሜሪካ ውስጥ መኪኖቹ በራሳቸው ይፈተለካሉ የሚል አቤቱታ በዛ፤ ሰው ሞተ፤ ሚሊዮኖች መኪኖች ለጥገና ተጠሩ። ብዙ ሰው ጥፋቱን በኮምፒውተሩ ላይ ጣለ። የአሜሪካ መንግሥት የናሳን መሐንዲሶች ጭምር አሰማርቶ ካስመረመረ በኋላ፣ በ2011 የወጣው ውጤት እንዲህ ያለ የኤሌክትሮኒክስ ጉድለት አልተገኘም አለ። የተገኙት የነዳጅ ፔዳሉን የሚይዝ የወለል ምንጣፍና ተጭኖ የማይመለስ ፔዳል ነበሩ። በ2013 አንድ የኦክላሆማ ፍርድ ቤት ዳኞች ግን የሶፍትዌር ባለሙያዎችን ምስክርነት ሰምተው በኩባንያው ላይ ፈርደዋል።

ከመካኒካዊው ጉድለት የከፋው ሌላው ነበር። ቶዮታ ስለ ችግሩ ስፋት ደንበኞቹን ማሳሳቱን አምኖ በ2014 ለአሜሪካ መንግሥት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የኪይቺሮ የልጅ ልጅ የሆነው የያኔው ፕሬዚዳንት አኪዮ ቶዮዳ በየካቲት 2010 በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ፣ ኩባንያው ሰው ከማሠልጠን አቅሙ በላይ በፍጥነት ማደጉን ተናግሮ ይቅርታ ጠይቆ ነበር።

ትምህርቱ በሁሉም ቤት አልገባም። በ2022 የቶዮታ ቡድን አባል የነበረው ሂኖ የጭስ ልቀት መረጃ ማጭበርበሩ ወጣ። በታኅሣሥ 2023 ሙሉ በሙሉ የቶዮታ ንብረት የሆነው ዳይሃትሱ 64 ዓይነት መኪኖች ላይ የደኅንነት ፈተና አጭበርብሮ ተገኘ። በቶዮታ ስም የሚሸጡም ነበሩባቸው። አንዳንዱ ኤርባግ በፈተናው ላይ የተከፈተው ግጭቱን በሚያውቀው መሣሪያ ሳይሆን በሰዓት ቆጣሪ ነበር። መርማሪዎቹ እንደ ምክንያት ካነሡት አንዱ የጊዜ ጫና ነው፤ ሠራተኛው «አልደረሰም» ለማለት አልቻለም። የሳኪቺ ማሽን ድር ሲበጠስ ይቆም ነበር፤ እዚህ ግን ድሩ ተበጥሶም ሽመናው ቀጠለ። በ2024 ቶዮታ ራሱ በሰባት ሞዴሎቹ የምስክር ወረቀት ፈተና ላይ ጉድለት እንደነበረ አመነ።

ተረት፦ ቶዮታ ስለ ባትሪ አያውቅም

በነዳጅና በባትሪ የሚሠራውን ፕሪየስን ያወጣው በ1997 ነው። በባትሪ ብቻ በሚነዳው ግን በእርግጥ ዘግይቷል፤ በ2022 ያወጣው ቢዚ4ኤክስም የጎማ ብሎኑ ሊላላ ይችላል ተብሎ ወዲያው ተጠርቶ ነበር።

ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ፣ ያሉን ቶዮታዎች ከእጅ ወደ እጅ እያለፉ ማርጀታቸው አይቀርም። ስለዚህ አንድ ጉዳይ ቸል ሊባል አይገባም። ታካታ የተባለው ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች ውስጥ ያለው ፈንጂ በሙቀትና በእርጥበት ለዓመታት ሲቆይ ይበላሻል፤ በግጭት ጊዜ ከመጠን በላይ ፈንድቶ የብረት ስብርባሪ በነጂው ላይ ይረጫል። በብዙ ሀገር ሰው ገድሏል። የብዙ ፋብሪካዎች መኪኖች ተጠርተዋል፤ ከቶዮታም በ2000ዎቹ የተሠሩ ኮሮላዎችና ያሪሶች ይገኙባቸዋል። የጥሪው ደብዳቤ ግን የሚላከው መኪናው ተመዝግቦበት ወደነበረው ሀገር ነው፤ ባሕር ተሻግሮ የገዛው ሰው ላይደርሰው ይችላል።

ከመክፈልዎ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ይጻፉና በቶዮታ ድረ ገጽ ወይም በወኪሉ በኩል ለጥገና ተጠርቶ እንደሆነ ያጣሩ። ቁልፉን ሲያዞሩ የኤርባጉ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት አለበት፤ ጨርሶ ካልበራ ወይም በርቶ ከቀረ ለባለሙያ ሳያሳዩ አይግዙ።